ቶሎ የሚወድቅ መሣሪያ፦ ስለ ፎገራ ትንንሽ ስደተኛ ወፎች

በትንንሽ የውሃ ዳር ወፎች ላይ የመከታተያ መሣሪያ የሚገጠመው በሦስት መንገድ ነው። በጀርባ ላይ በማጣበቂያ ይለጠፋል፣ በሁለቱ ጭኖች ዙሪያ በሚዞር ማሰሪያ ይታዘላል፣ ወይም ከቀለበት ጋር እግር ላይ ይታሰራል። ከሦስቱ የቱ ይሻላል ሲባል አብዛኛውን ጊዜ ውሳኔውን የሚሰጠው አንድ መለኪያ ነው፦ ብዙ የሚቆየው። ማጣበቂያው በጥቂት ሳምንታት ሲለቅ እንደ ጉድለት ይቆጠራል፤ ማሰሪያው ዓመት ሲሻገር እንደ ስኬት ይመዘገባል። ይህ መለኪያ ለትልልቅ ወፎች ቢያስኬድም ለትንንሾቹ የተሳሳተ ነው። ክብደቱ 40 ግራም በማይሞላ ወፍ ላይ ያለ መሣሪያ የጥናቱ ጥያቄ መልስ ባገኘበት ሰሞን መውደቅ አለበት፤ ከዚያ በኋላ የሚቆይበትን ቀን ሁሉ ወፉ ያለ ጥቅም ይሸከመዋል። የደቡብ ጎንደር ደጋና የጣና ምሥራቅ ዳርቻ ደግሞ ይህ ስህተት ከባድ ዋጋ ሊያስከፍል የሚችልበት ቦታ ነው።

ከደብረ ታቦር በስተደቡብ ምሥራቅ ከፍታው ከ4,000 ሜትር የሚበልጠው የጉና ተራራ አለ። ርብና ጉማራ ከጉና ተነሥተው ወደ ምዕራብ ይወርዱና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ በተንጣለለው የፎገራ ሜዳ አልፈው ጣና ይገባሉ። በክረምት ወንዞቹ ሲሞሉ ሜዳው ይጥለቀለቃል፤ ሸሸርና ወላላ የሚባሉት ረግረጎችም ውሃቸውን የሚያገኙት ያን ጊዜ ነው። በጋው እየገፋ ሲሄድ ውሃው ይሸሻል። ገበሬው የሸሸውን ውሃ እግር በእግር እየተከተለ ይዘራል፣ ከብቱም በዳርቻው ይግጣል። በሚሸሸው ውሃና በሚዘራው መሬት መካከል የሚቀረው ቀጭን የጭቃ ዳርቻ ከሰሜን የሚመጡት ወፎች ምግባቸውን የሚለቅሙበት ነው።

ከእነዚህ መካከል እጅግ ትንንሽ ከሆኑት አንዱ በወፍ ተመራማሪዎች ዘንድ ሊትል ስቲንት የሚባለው ነው። ክብደቱ ከ20 እስከ 40 ግራም ሲሆን፣ ዝቅተኛው የከሳ ጊዜው፣ ከፍተኛው ለጉዞ ስብ ያጠራቀመበት ጊዜ ነው። የሚፈለፈለው በሰሜን ዋልታ ዙሪያ ባለው ዛፍ አልባ ሜዳ፣ ከስካንዲኔቪያ ሰሜናዊ ጫፍ እስከ ሳይቤሪያ ነው። ከጣና እስከዚያ በቀጥታ መስመር እንኳ ቢለካ ከ6,000 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ውድ ሳንድፓይፐር የሚባለው 60 ግራም ያህል ይመዝናል። ራፍ ከሚባለው ዝርያ ሴቷ 110 ግራም፣ ወንዱ 180 ግራም ገደማ ይሆናል። የክብደቱ ልዩነት እዚህ ላይ መጠቀሱ ያለ ምክንያት አይደለም። ለራፍ የሚፈቀደው ለሊትል ስቲንት የማይፈቀደው በዚህ የተነሣ ነው።

የረጅም ቆይታ አመለካከት የተወለደው ከእውነተኛ ድሎች ነው፤ ይህ መካድ የለበትም። እ.ኤ.አ. በ2007 አንዲት ባር ቴይልድ ጎድዊት በሆዷ ውስጥ በቀዶ ሕክምና የገባ አስተላላፊ ይዛ ከአላስካ ኒው ዚላንድ ከ11,000 ኪሎ ሜትር በላይ በስምንት ቀን ገደማ ሳታርፍ በረረች። እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ የዚሁ ዝርያ የሆነና አምስት ወር ገደማ ያስቆጠረ ወጣት ወፍ ከአላስካ ታስማኒያ 13,560 ኪሎ ሜትር በ11 ቀን አቋረጠ፤ በጀርባው የነበረው በፀሐይ ኃይል የሚሠራ አምስት ግራም ያህል የሚመዝን መሣሪያ ነበር። ሁለቱም ታሪኮች ዓለምን አስደንቀዋል፤ መሣሪያው እስከ መጨረሻው ባይቆይ ኖሮ አይታወቁም ነበር። ነገር ግን ጎድዊት ለጉዞ ስትነሣ ከሊትል ስቲንት ከአሥር እጥፍ በላይ ትመዝናለች። ከእርሷ የተገኘውን ልምድ ወደ 25 ግራም ወፍ ማውረድ በሳይንስ ስም የሚደረግ ግምት ነው።

ቆይታን ለማራዘም የሚደረገው ሥራ በዝርዝር ሲታይ ነገሩ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። በመደበኛው የማጣበቂያ ዘዴ ከወፉ ጀርባ ታችኛው ክፍል፣ ላባውን የሚቀባበት የዘይት ዕጢ ካለበት ከፍ ብሎ፣ ጥቂት ላባዎች ይከረከማሉ። ቦታው ከቅባት ይጸዳና መሣሪያው በሱፐር ግሉ ዓይነት ማጣበቂያ ይለጠፋል። ቆዳው በተፈጥሮው ሲረግፍና አዲስ ላባ ሲበቅል መሣሪያው ይለቃል። ይህን ጊዜ ማራዘም የሚፈልጉ ሰዎች ማጣበቂያውን ያበዛሉ፣ ሥሩ ጨርቅ ያነጥፋሉ፣ ጠንከር ያለ ኢፖክሲ ይጠቀማሉ፤ አንዳንዶችም ከቆዳው ጋር በክር ይሰፉታል። ሱፐር ግሉ ሲደርቅ ሙቀት ያወጣል፤ በበዛ ቁጥር ሙቀቱም ይጨምራል፣ የወፉ ቆዳ ደግሞ ስስ ነው። ስፌቱን በተመለከተ፣ ወፉ ከሚያገኘው ጥቅም አንጻር አንዲት መርፌ እንኳ የሚያስወጋ ምክንያት አልቀረበም።

የጭን ማሰሪያው እ.ኤ.አ. ከ1991 ወዲህ ራፖልና ቲፕተን ባስተዋወቁት ቅርጽ በሰፊው ተለመደ። ሁለት ቀለበት የሚመስሉ ገመዶች በሁለቱ ጭኖች ዙሪያ ገብተው መሣሪያውን ወገብ ላይ ያኖራሉ። ዛፍ ላይ ለሚኖሩ ትንንሽ ዘማሪ ወፎች ብዙ አገልግሏል። የውሃ ዳር ስደተኛ ግን ሌላ ፍጥረት ነው። ከመነሣቱ በፊት በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ክብደቱን በግማሽ፣ አንዳንዴም እስከ እጥፍ ይጨምራል፤ ደርሶ ሲያርፍ ያን ሁሉ አቃጥሎ ከስቷል። በኅዳር ለከሳ ወፍ የተለካ ማሰሪያ በሚያዝያ ለወፈረው ይጠብበታል፤ ለወፈረው የተለካው ደግሞ ሲከሳ ላልቶ እግሩን ወይም ክንፉን ሊያጠምድበት ይችላል። ላስቲክ ይህን ያስታግሳል እንጂ አያስወግደውም። ማሰሪያው ሳይበጠስ በቆየ ቁጥር ወፉ በእነዚህ ሁለት አደጋዎች መካከል ብዙ ጊዜ ይመላለሳል። እግር ላይ የሚታሰረው መሣሪያ ይህ ችግር የለበትም፤ የፎገራ ዋልካ ግን የሚጣበቅ ጭቃ ነው፣ ቀኑን ሙሉ በዚያ ውስጥ የሚመላለስ እግርም ከመሣሪያው በላይ የሚሸከመው ነገር አያጣም።

በዘርፉ የሚጠቀሰው መከላከያ የመቶኛ ሕግ ነው፤ መሣሪያው ከወፉ ክብደት ከ3 በመቶ፣ ሲበዛ ከ5 በመቶ አይብለጥ ይባላል። ለ25 ግራም ወፍ 3 በመቶ 0.75 ግራም ነው። ይህን ቀላል ለማስመሰል ብዙ ጊዜ በሰው ይመሰላል፦ 60 ኪሎ የሚመዝን ገበሬ 1.8 ኪሎ ቢሸከም ምን ይሆናል? ምሳሌው ሁለት ነገር ይደብቃል። ገበሬው ምሽት ላይ ሸክሙን ያወርዳል፤ ወፉ አያወርድም። ገበሬው በምድር ላይ ይሄዳል፤ ወፉ አየር እየቀደደ ይበርራል። በጀርባ ላይ የቆመ ነገር የአየሩን ፍሰት ያውካል፣ የሚፈጥረው መጎተትም ከክብደቱ በላይ በቅርጹና በአቀማመጡ ይወሰናል። ግማሽ ግራም የሚመዝን ግን ወጣ ያለ መሣሪያ ከከባዱና ከለጠፍ ካለው ይልቅ ሊጎዳ ይችላል። ሕጉ የጊዜን ነገር ጨርሶ አያነሣም። 3 በመቶ ለአራት ሳምንት በአንድ ሜዳ ላይ መሸከምና 3 በመቶ በሁለት ስደትና በአንድ የመራቢያ ወቅት መሸከም በሕጉ ፊት እኩል ናቸው፤ ለወፉ ግን አይደሉም።

ይህ ስጋት በወረቀት ላይ ብቻ ያለ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ 84 ጥናቶችን ያጠቃለለ ትንተና መሣሪያ የተገጠመላቸው ወፎች በአብዛኞቹ በተለኩት ጠባዮች ላይ ጉዳት እንደሚታይባቸው አሳየ፤ የኃይል ወጪያቸው ይጨምራል፣ ጎጆ የመሥራት ዕድላቸውም ይቀንሳል። እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ በሰሜን ዋልታ አካባቢ በሚራቡ 16 የውሃ ዳር ወፍ ዝርያዎች ላይ እግር ላይ የሚታሰር የብርሃን መመዝገቢያ ያስከተለው ውጤት ታተመ። በአብዛኞቹ ዝርያዎች ላይ ግልጽ ጉዳት አልታየም፤ የመመለስ መጠን ወይም የእንቁላል መፈልፈል ቀንሶ የታየው በተለይ በትንንሾቹ ነው። የረጅም ቆይታ ደጋፊዎች ጉዳት አልታየም የሚለውን የመጀመሪያውን ውጤት ይጠቅሳሉ፤ ስለ ሊትል ስቲንት ለሚያስብ ሰው ግን ሁለተኛው ነው ዋናው።

መሣሪያው ራሱ ምን ያህል ይሠራል የሚለውም ጥያቄ ሳይነሣ መታለፍ የለበትም። ለትንሽ ወፍ የሚሆን 0.3 ግራም ገደማ የሆነ የራዲዮ አስተላላፊ ባትሪው የሚያገለግለው ከጥቂት ሳምንታት እስከ ጥቂት ወራት ነው። ባትሪው ካለቀ በኋላ በማሰሪያ የቆየ መሣሪያ መረጃ አይሰጥም፤ የሞተ ጭነት ነው። ባትሪው ቢሠራም የራዲዮ ድምፅ የሚሰማው ተቀባይ ባለበት ብቻ ነው። ሞተስ የሚባለው የተቀባይ ጣቢያዎች መረብ የተስፋፋው በብዛት በሰሜን አሜሪካና በምዕራብ አውሮፓ ነው። ከፎገራ ተነሥቶ በሱዳንና በመካከለኛው ምሥራቅ አድርጎ ወደ ሩሲያ ሰሜን የሚሄድ ወፍ መንገዱ በእነዚህ ጣቢያዎች ዘንድ አያልፍም። የሳተላይት መሣሪያ ተቀባይ ጣቢያ አይሻም፤ ነገር ግን ከትንንሾቹ አንዱ እንኳ 2 ግራም ያህል ነው፣ ይህም ለ25 ግራም ወፍ 8 በመቶ ይሆናል። በምንም ዘዴ ቢታሰር ለእርሱ አይሆንም።

የቀረው የብርሃን መመዝገቢያው ነው። የቀኑን ርዝመት መዝግቦ ወፉ የነበረበትን ኬክሮስ ለመገመት ያገለግላል፤ መረጃውን ለማግኘት ግን ወፉን ዳግም መያዝ ግድ ይላል። ቀንና ሌሊት በሚተካከሉበት በመስከረምና በመጋቢት አጋማሽ አካባቢ በዓለም ላይ የቀኑ ርዝመት አንድ ስለሚሆን ኬክሮሱ አይገመትም። ወፎቹ ወደ ጣና የሚጎርፉትና ለመመለስ የሚዘጋጁት ግን በእነዚሁ ሰሞኖች ዙሪያ ነው። መሣሪያው የሚታወርበት ጊዜ ሊታወቅ ከሚፈለገው ጊዜ ጋር ይገጥማል። ዳግም መያዙም ቀላል አይደለም። የሸሸር ዳርቻ በየሳምንቱ ቦታውን ይቀይራል፤ በኅዳር መረብ የተዘረጋበት ጭቃ በየካቲት የሽምብራ ማሳ ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

እንግዲህ የፎገራ ወፎች ጉዳይ የሚያነሣው ጥያቄ ምንድን ነው? ከ1987 እስከ 2008 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ ሸሸር አብዛኛውን ስፋቱን አጥቷል፤ ወላላም በእጅጉ ጠቧል። ምክንያቶቹ የታወቁ ናቸው፦ የሚቆፈር ቦይ፣ በፓምፕ የሚሳብ ውሃ፣ ወንዙን የሚገድብ ግድብና መከላከያ፣ ወደ ረግረጉ የሚገፋ እርሻ። የጣና ዙሪያ እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ተብሎ ቢመዘገብም ረግረጎቹ ገና አልዳኑም። በዚሁ ዘመን ፎገራ የሩዝ አገር ሆነ፤ ወረታ ከተማ አጠገብ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል ተቋቋመ። ሩዙ ሊታጨድ ሲቃረብ ጓያ ይዘራበታል፤ መስኖ ባለበት ደግሞ ሽንኩርት ይተከላል፣ ፀረ ተባይም ይረጫል። ስለዚህ አንገብጋቢው ጥያቄ ወፉ ታኅሣሥና ጥር ላይ ቀኑን የት ይውላል የሚለው ነው። የቀረው ረግረግ ዳር ነው ወይስ ውሃ የቀረበት የሩዝ ማሳ? ሌሊት የት ያድራል? ወደ ተረጨ የሽንኩርት ማሳ ይገባል? የዳርቻው ጭቃ ሲደርቅ ወደ ጣና ዳር ይወርዳል ወይስ ከአካባቢው ይጠፋል?

ይህን ሁሉ ለመመለስ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት የሚቆይ የተለጠፈ መሣሪያ በቂ ነው። ሜዳው ግልጽ ስለሆነ በእጅ በሚያዝ አንቴና ድምፁን መከተል ይቻላል። የደብረ ታቦርና የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎች ከወረታ ተነሥተው በየቀኑ ሊሠሩት የሚችሉት ሥራ ነው። ወፉ ደግሞ ወደ ሰሜን ከመነሣቱ በፊት የሰውነት ላባውን ለመራቢያ ወቅት ይቀይራል፤ መሣሪያው ያን ጊዜ ከላባው ጋር ይረግፋል። መለቀቁን ያዘጋጀችው ተፈጥሮ ናት፤ ኢፖክሲና ስፌት የሚጨመረው ይህንኑ ለማሸነፍ ነው።

ወፉ በዓመቱ ይመለሳል ወይ፣ በሕይወትስ አለ ወይ የሚለው ጥያቄ ረጅም ጊዜ ይጠይቃል፤ የረጅም ቆይታ ደጋፊዎች ጠንካራ መከራከሪያም ይህ ነው። ነገር ግን ለዚህ ከአስተላላፊው በፊት የነበረ መሣሪያ አለ፦ የቀለም ቀለበት። ባትሪ የለውም፣ አየር አይጎትትም፣ ክብደቱ ከቁም ነገር አይገባም፣ ለወፉ ዕድሜ ልክ ይቆያል። በመነጽር የሚነበብ ስለሆነ ወፉን ዳግም መያዝ አያስፈልግም። ለረጅም ጊዜ መቆየት ያለበት ነገር ካለ እርሱ ቀለበቱ ነው። በየዓመቱ በጥር ከሚደረገው ዓለም አቀፍ የውሃ ወፎች ቆጠራ ጋር ሲያያዝ ደግሞ አንድም ወፍ ሳይጎዳ የዓመታት ታሪክ ይሰበሰባል።

ሁለተኛው መከራከሪያ የሞትና የመውደቅ መምታታት ነው። መሣሪያው ቶሎ ከለቀቀ ድምፁ የጠፋው ወፉ ሞቶ ይሁን መሣሪያው ወድቆ አይለይም ይባላል። እውነት ነው። ማሰሪያው ግን ይህን ችግር በሌላ የባሰ ችግር ይተካዋል፦ ወፉ ሞቶ ሲገኝ የሞተው በራሱ ሕይወት አደጋ ይሁን በማሰሪያው አይለይም። የመጀመሪያው መምታታት መረጃን ያጎድላል፤ ሁለተኛው መረጃን ያበላሻል፣ ወፉንም ይገድላል። የወደቀ መሣሪያ ደግሞ በአንቴና ተፈልጎ ይገኛል፤ ጭቃ ውስጥ ብቻውን መገኘቱ መልስ ነው።

ሦስተኛው ወጪ ነው። መሣሪያ ውድ ነው፣ መያዝም አድካሚ ነው፣ ስለዚህ ከእያንዳንዱ ወፍ የሚገኘው መረጃ ረዘም ይበል፤ እንዲያ ሲሆን የሚያዙት ወፎች ቁጥር ያንሳል ይባላል። ሂሳቡ የሚሠራው ዋጋውን ገዢው ብቻ እንደሚከፍል በማሰብ ነው። ተይዞ በአንድ ሰዓት ውስጥ የተለቀቀና ከወር በኋላ ነጻ የወጣ ወፍ፣ ዓመት ሙሉ ከታሰረ ወፍ ጋር አንድ አይቆጠርም። ወድቆ የተገኘ መሣሪያ ባትሪው ተቀይሮ በሚቀጥለው በጋ ሌላ ወፍ ላይ ሊለጠፍ ይችላል፤ በማሰሪያ ሳይቤሪያ የሄደው ግን አይመለስም።

በውጭ አገር ተመራማሪዎችና በአካባቢው ሰው መካከል ያለው መተማመንም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። እ.ኤ.አ. በ2013 በላይኛው ግብፅ ቄና ውስጥ መከታተያ የታሰረበት ሽመላ በሰላይነት ተጠርጥሮ ተይዞ ነበር። አባይን ተከትለው የሚወርዱ ወፎች በእንዲህ ያሉ አገሮች ላይ ያልፋሉ፤ የደቡብ ጎንደር ገበሬ ራሱም ማሳው ውስጥ ሽቦ የተንጠለጠለበት ወፍ ሲያገኝ ምንነቱን የመጠየቅ መብት አለው። ጥናቱ በአንድ ሜዳ ላይ በአንድ ወር ውስጥ ሲያልቅ ለቀበሌው ሰው ሁሉ ቀድሞ ማስረዳት ይቻላል። ባለቤቱ ሩቅ አገር የሆነ መሣሪያ ለዓመታት ሲዞር ግን ማንም አያስረዳም።

ከዚህ ሁሉ የሚለየው የግራጫው ክሬን ጉዳይ ነው። በኢስቶኒያና በፊንላንድ መሣሪያ የተገጠመላቸው ክሬኖች ክረምታቸውን በኢትዮጵያ እንደሚያሳልፉ የታወቀው ለዓመታት በሠሩ መከታተያዎች ነው፤ ይህም ግኝት ፎገራን ከባልቲክ ረግረጎች ጋር በአንድ መንገድ አስተሳስሯል። ክሬን ከ4 እስከ 6 ኪሎ ስለሚመዝን 50 ግራም እንኳ ለእርሱ 1 በመቶ ገደማ ነው። ለራፍም ቢሆን ቀላል መሣሪያ ከወፉ ክብደት 2 በመቶ ሳይሞላ ሊሠራ ይችላል። ለእነዚህ ረጅም ቆይታ ተገቢ ነው፤ ያም ሆኖ ማሰሪያቸው በጊዜ በሚበሰብስ የጥጥ ክር ቢያያዝ ይሻላል። በኢትዮጵያ ደጋዎች ብቻ የሚገኘው ስፖት ብረስትድ ላፕዊንግ ደግሞ አህጉር አያቋርጥም፤ ለእርሱ ቀለበትና ትዕግሥት ያለው ተመልካች ይበቃዋል።

ስለዚህ የኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን በፎገራና በጣና ዳር ለሚቀርብለት የትንንሽ ወፎች ጥናት ፈቃድ ሲሰጥ ከክብደቱ መቶኛ በተጨማሪ የመውደቂያውን ጊዜ ሊጠይቅ ይገባል። ከ40 ግራም በታች ለሚመዝን ወፍ ስፌትና የማይበጠስ ማሰሪያ መከልከል አለባቸው፤ የመሣሪያው ቆይታ ከባትሪው ዕድሜ እንዳይበልጥም አመልካቹ አስቀድሞ ማሳየት አለበት። መሣሪያ በተለጠፈላቸው ወፎች ልክ ቀለበት ብቻ የታሰረላቸው ሌሎች ወፎች በዚያው ሰሞን በዚያው ቦታ ይለቀቁ፤ በሚቀጥለው መስከረም ከሁለቱ ወገን ስንት እንደተመለሱ ተቆጥሮ፣ የቀነሰ ካለ ሳይደበቅ ከውጤቱ ጋር ይታተም።